መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ እንዲቆይ፦ በሊኑክስ ላይ የባትሪ አያያዝ፣ ከነመሣሪያዎቹ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ተቀምጦ ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ከባትሪው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። መብራት ሲሄድ ረጅም ሰዓት እንዲያቆየው ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ መሆን አለበት። ቶሎ እንዳያረጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን የለበትም። ሊኑክስ ላይ ሁለቱን የሚያስታርቁ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ችግሩ መብዛታቸው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የጫነ ሰው ለአንድ መሪ ሁለት ሹፌር እንደቀጠረ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ እንለካለን፣ ቀጥሎ ዴስክቶፑ (ሊኑክሱ የሚታይበት ገጽ፣ እንደ ግኖም ወይም ኬዲኢ) ይዞት የመጣውን ሴቲንግ እናስተካክላለን፣ ተጨማሪ መሣሪያ የምንጭነው ካስፈለገ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሜኑ ስሞችንና ትእዛዞችን የጻፍነው እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስታስገቡ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው የሚጻፉት።

ባትሪው ምን ያህል ቀርቶታል?

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው «ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል» ማለቱ አይቀርም። የእሱን መሐላ ትታችሁ ባትሪውን ራሱን ጠይቁት። ባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ሁለት ቁጥሮችን ትመዘግባለች፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውን ኃይልና ዛሬ ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን። ሁለቱም የሚለኩት በዋት ሰዓት ነው።

ግኖም ላይ፣ ማለትም በመደበኛው ኡቡንቱና ፌዶራ፣ «ፓወር ስታቲስቲክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ኡቡንቱ ላይ ከሌለ «ግኖም ፓወር ማኔጀር» በሚል የፓኬጅ ስም ይገኛል። ከግራ በኩል የላፕቶፑን ባትሪ ስትመርጡ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው፣ የዲዛይኑ መጠንና አሁን በየሰዓቱ የሚበላው ይታያል። ኬዲኢ ፕላዝማ ላይ «ኢንፎ ሴንተር» ውስጥ «ኢነርጂ» የሚለው ገጽ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ደግሞ «ፓወር ማኔጀር» ከፍታችሁ «ዲቫይስስ» የሚለውን ትር ተጫኑ። የትኛውም ዴስክቶፕ ቢሆን ተርሚናል ላይ «ዩፓወር» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ሰረዝና «ዲ» ብትጨምሩ ያው መረጃ በጽሑፍ ይወጣል። የሚያዩት ዴስክቶፖች ሁሉ መረጃውን የሚቀዱት ከዚሁ ከዩፓወር ስለሆነ ቁጥሩ አይለያይም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዲዛይኑ 50 ዋት ሰዓት ሆኖ ዛሬ ሙሉ ሲሆን 31 ከያዘ፣ የቀረው አቅም 62 በመቶ ነው። ቻርጀሩን ነቅላችሁ እንደወትሯችሁ 10 ደቂቃ ሥሩና የሚበላውን ዋት አንብቡ። 9 ዋት ከሆነ 31 ለ9 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ 6.5 ዋት ብታወርዱት 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል። ከዚህ በታች የሚመጣው ሥራ ሁሉ ያንን 9 ወደ 6.5 ለማውረድ ነው። አቅሙ ከ50 በመቶ በታች ለወረደ ባትሪ ግን በሴቲንግ መድከሙ አያዋጣም፤ ገንዘቡን ለአዲስ ባትሪ ማጠራቀም ይሻላል።

ቅያሪ ባትሪ ስትገዙ ቺፕዋ የምትለውን ብቻ አትመኑ፤ ርካሽ ባትሪዎች ላይ የዲዛይኑ ቁጥር የተጻፈው እንዲሁ በግምት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ፈተና ከ100 እስከ 10 በመቶ በባትሪ ሠርቶ ሰዓቱን መያዝና በአማካዩ ዋት ማባዛት ነው። «60» ተብሎ የተሸጠ ባትሪ በ8 ዋት አማካይ ከ4 ሰዓት በፊት ካለቀ፣ 60 አይደለም።

የዴል ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የዴል ቻርጀር መሰኪያ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ የቻርጀሩን ማንነት የምትናገር ናት። ዘንጓ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ላፕቶፑ መብራት ያገኛል፤ ባትሪውን ግን ቻርጅ አያደርግም፣ ፕሮሰሰሩንም ጎትቶ ያዘገየዋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሊኑክሱን ደጋግሞ ይጭናል። በሽታው ግን ያለው ሽቦው ላይ ነው። ላፕቶፑን ስታስነሱ ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ (ከሊኑክሱ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ብትገቡ ቻርጀሩን ያውቀው እንደሆነ ይነግራችኋል።

ግኖም፦ ትንሽ ምርጫ፣ ግን በቂ

«ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር» የሚለውን ክፈቱ። ከላይ ሦስት የኃይል ሁነታዎች አሉ፦ «ፐርፎርማንስ»፣ «ባላንስድ» እና «ፓወር ሴቨር»። አንዳንድ ማሽን ላይ የመጀመሪያው አይታይም፤ ሃርድዌሩ ስለማይደግፈው ነውና አትጨነቁ። ከጀርባ ሆኖ ይህን የሚሠራው «ፓወር ፕሮፋይልስ ዲሞን» የሚባል አገልግሎት ነው። ግኖም ሴቲንግ ላይ በግልጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ፌዶራ ከ41ኛው እትሙ ጀምሮ በምትኩ «ቱንድ» የሚባለውን ይጠቀማል። ለተጠቃሚው ቁልፉ ያው ነው፤ ተጨማሪ መሣሪያ ስትጭኑ ግን ልዩነቱን ማወቅ ግድ ይላል።

መብራት እንደሄደ ከስክሪኑ ቀኝ ላይኛው ጥግ ያለውን ሜኑ ከፍታችሁ «ፓወር ሴቨር» ላይ አድርጉት። ቢሮ ሥራ፣ ጽሑፍና ኢንተርኔት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማችሁም። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ግን ሁነታው ይጎትታል፤ ለእናንተ «ባላንስድ» ይሻላል፤ ሥራው ቶሎ ሲያልቅ ፕሮሰሰሩም ቶሎ ያርፋልና።

ከሥሩ ያሉትን እንዲህ አድርጉ፦

1. ሥራ ሲቆም ስክሪኑን የሚያደበዝዘውን «ዲም ስክሪን» አብሩ።
2. «ስክሪን ብላንክ» 3 ደቂቃ ይሁን።
3. ባትሪው ሲያንስ ወደ ቁጠባ የሚገባውን «አውቶማቲክ ፓወር ሴቨር» አብሩ።
4. «አውቶማቲክ ሰስፔንድ» ላይ በባትሪ ሲሆን 15 ደቂቃ አድርጉ፤ ቻርጀር ላይ ሲሆን አጥፉት።

አራተኛው ላይ ቆም በሉ። ማታ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀምራችሁ፣ ቻርጀር ላይ ስለሆነ አይተኛም ብላችሁ ተኛችሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ማሽኑ ወደ ባትሪ ደንብ ይሻገርና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይተኛል፤ ማውረዱም ይቋረጣል። ጥፋት አይደለም፤ ራውተሩም ያን ጊዜ ጠፍቷል። ሆኖም ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ የሰካችሁ ሰዎች የባትሪውን ገደብ ወደ 1 ሰዓት ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

ከሁሉም በላይ ብርሃኑን ቀንሱ። ባለ 14 ኢንች ስክሪን ከሙሉ ብርሃን ወደ 40 በመቶ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ 2 ዋት አካባቢ ያተርፋል። ከ9 ዋት ላይ 2 ማውረድ ማንም ፕሮግራም የማይሰጣችሁ ትርፍ ነው፤ ዋጋውም አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ትንሽ የማትታይ ሌባም አለች። ኢንተርኔት ከስልክ የምትወስዱት በዩኤስቢ ገመድ ከሆነ ስልኩ ከላፕቶፑ ቻርጅ እየጠጣ ነው። ተራው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ 2.5 ዋት ማለት ነው። የስክሪኑን ብርሃን በመቀነስ ያተረፋችሁት ሁሉ በዚያ ገመድ ይወጣል። መብራት በሌለበት ሰዓት ስልኩን በፓወር ባንክ ይዛችሁ በዋይፋይ ሆትስፖት ተገናኙ።

ኬዲኢ ፕላዝማ፦ ለዚህ ሥራ የተሻለው

ምርጫ ካላችሁ ለኃይል ቁጥጥር ፕላዝማን እንመርጣለን። «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት» ሦስት ትሮች አሉት፦ ቻርጀር ላይ፣ ባትሪ ላይ እና ባትሪው ሲያንስ። እያንዳንዱ ትር የራሱ የስክሪን ብርሃን፣ የኪቦርድ መብራት፣ የመተኛ ሰዓትና የኃይል ሁነታ አለው። መብራት በሄደ ቅጽበት ሁሉም በራሱ ይለወጣል፤ እናንተ ሻማ ስትፈልጉ እሱ ብርሃኑን ቀንሶ ይጠብቃችኋል። ባትሪ ላይ ብርሃን 40 በመቶ፣ ኪቦርዱ ጠፍቶ፣ ሁነታው «ፓወር ሴቭ»፤ ባትሪው ሲያንስ ብርሃን 20 በመቶ፣ ስክሪን በ1 ደቂቃ የሚጠፋ፤ ይኸው ነው።

በዚያው ገጽ ያለው «አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» የማነስ፣ የአደጋና የቻርጅ ጣሪያ (ባትሪው መሙላት የሚያቆምበት) ደረጃዎችን ይይዛል። የቻርጅ ጣሪያው እ.ኤ.አ. በ2020 በፕላዝማ 5.20 የገባ ነው። እናንተ ጋ ካልታየ የላፕቶፓችሁ ሃርድዌር ለከርነሉ (ለሊኑክሱ እምብርት) በሩን አልከፈተም ማለት ነው።

ኤክስኤፍሲኢ፦ ለአሮጌ ማሽን

4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ዙቡንቱ ወይም ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ነው። «ፓወር ማኔጀር» ውስጥ «ጄነራል» የሚለው ትር ክዳኑ ሲዘጋና ቁልፎቹ ሲጫኑ ምን እንደሚሆን፣ «ሲስተም» የመተኛ ሰዓትንና የአደጋ ደረጃን፣ «ዲስፕሌይ» ደግሞ ስክሪንን ይገዛሉ። ስክሪን ጠባቂው የራሱ ሰዓት ስላለው ከ«ዲስፕሌይ» ትር ጋር ይጋጫል፤ ስክሪኑ ባላዘዛችሁት ሰዓት ከጠፋ ከሁለቱ አንዱን ዝጉ። ፓነሉ ላይ ያለችውን የባትሪ ምልክት ስትጫኑ የሚወጣው «ፕረዘንቴሽን ሞድ» ስክሪን ማጥፋትንና መተኛትን ሁሉ ያግዳል። ፊልም አይታችሁ ሳታጠፉት ከቀራችሁ ባትሪው ሲያልቅ ታስታውሱታላችሁ።

የመጨረሻዋ በመቶ

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዝርዝር እንየው።

ዩፓወር ሦስት ደረጃዎች አሉት። በቅርብ እትሞቹ በነባሪው፣ ማለትም ካልተነካ፣ 20 በመቶ ላይ «አንሷል»፣ 5 ላይ «አደጋ»፣ 2 ላይ ደግሞ እርምጃ ነው። እርምጃው ሃይብሪድ ስሊፕ (ሥራውን ዲስክ ላይም አስቀምጦ መተኛት) ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ይህ ካልተቻለ ሃይበርኔት (ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መጥፋት)፣ እሱም ካልተቻለ ማሽኑን ማጥፋት። ኡቡንቱ ሲጫን ሃይበርኔት አብሮ አይከፈትም። ስለዚህ ብዙ ማሽኖች ላይ 2 በመቶ ሲደርስ የሚሆነው ማጥፋት ብቻ ነው፤ ያልተቀመጠው ሰነድ አብሮ ይሄዳል።

አሮጌ ባትሪ ላይ ደግሞ 2 በመቶ የሚባል ነገር የለም። ሴሎቹ ደክመው ቮልቴጁ ድንገት ይወድቅና ማሽኑ 12 ወይም 30 በመቶ እያለ ድርግም ይላል። ይህ ከገጠማችሁ በቅድሚያ ቺፕዋን አስተካክሉ፦ እስከ 100 ሙሉት፣ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ እስኪጠፋ ድረስ በባትሪ ይሂድ፣ ከዚያ ሳታቋርጡ እስከ 100 መልሱት። በተደጋጋሚ አይደረግም፤ ባትሪን ይጎዳል። ከዚያም በኋላ 15 ላይ የሚጠፋ ከሆነ ሴሉ ራሱ ነው፤ ደረጃዎቹን ወደ ላይ አንሱ።

ኬዲኢና ኤክስኤፍሲኢ ላይ ይህ በመዳፊት ይሠራል። ግኖም ላይ ግን ፋይል መንካት ያስፈልጋል። «ኢቲሲ» ማውጫ ውስጥ «ዩፓወር» የሚባል ፎልደር፣ እዚያም ውስጥ «ዩፓወር ነጥብ ኮንፍ» የሚባል ፋይል አለ፤ ዩ እና ፒ በትልቁ ፊደል ናቸው። በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱትና «ፐርሰንቴጅ» ብለው የሚጀምሩትን ሦስት መስመሮች ፈልጉ። ለደከመ ባትሪ 30፣ 22 እና 18 ብላችሁ ጻፉ፤ የመጨረሻዋ ማሽኑ ድርግም ከሚልበት ቁጥር በ3 ያህል መብለጥ አለባት። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች መቀነስ አለባቸው፤ አንዷ ከተዛባች ዩፓወር ሦስቱንም ትቶ ወደ ነባሪው ይመለሳል፤ ስህተት ብሎም አይነግራችሁም። ጨርሳችሁ ማሽኑን እንደገና አስነሱ።

ሃይበርኔት መክፈት የሚፈልግ ሰው ሊኑክሱን ገና ሲጭን ከራሙ የሚበልጥ የስዋፕ ክፍልፋይ (ዲስክ ላይ ለራም ምትክ የሚሆን ቦታ) ቢመድብ ነገሩ ይቀልለታል። በኋላ በስዋፕ ፋይል ማድረግ ይቻላል፤ ግን የከርነል መለኪያዎችን መጻፍ ይጠይቃል። ሴኪዩር ቡት (ባዮስ ውስጥ ያለው የማስነሻ ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ከርነሉ ሃይበርኔትን ይከለክላል። ይህ ሁሉ ለማይመቸው ሰው ርካሹ መድን ሊብረኦፊስ ውስጥ ነው፦ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ሴቭ»፣ «ጄነራል» ገብታችሁ የራስ ሰር ማስቀመጫውን ደቂቃ 2 አድርጉት።

ሲስተም ማሻሻያ በባትሪ አይጀመርም፤ በተለይ የከርነል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የሚሞከረው «ሱዶ ዲፓኬጅ» ብሎ፣ ሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ ቀጥሎ አንድ ሰረዝ «ኤ» ነው። «ዲፓኬጅ» ያልነው ሲጻፍ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ የሚሉ አራት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ «ሱዶ» ደግሞ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስኬድ ቃል ነው።

80 ወይስ 100?

የሊቲየም አዮን ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል። በዚያ ከፍታ ላይ፣ በተለይም ሞቆ፣ ለሳምንታት መቀመጥ ነው የሚያስረጀው። ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚውል ከሆነ 80 ላይ ማቆም ዕድሜውን ያራዝማል። ግን 80 ማለት መብራት ሲሄድ አንድ አምስተኛ የሥራ ሰዓት ማጣት ነው።

የእኛ ምክር እንዲህ ነው። መብራት በሳምንት አንድ ሁለቴ ለአጭር ሰዓት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ 80 አድርጉ። በየቀኑ የሚሄድበት ከሆነ 90 ይበቃል። በየቀኑ እየሄደ ባትሪውም ከ60 በመቶ በታች አቅም ከቀረው ጣሪያውን ርሱት፤ ያ ባትሪ የሚጠበቅ ዕድሜ ሳይሆን የሚሠራበት ሰዓት ነው የቀረው። መብራት እንደሚቋረጥ ማስታወቂያ ከወጣ ደግሞ በዋዜማው አንድ ጊዜ 100 ሙሉ።

የት ነው የሚደረገው? ግኖም 48 ላይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ባለው፣ «ፓወር» ገጽ ውስጥ ባትሪውን የሚጠብቅ ምርጫ ገብቷል። ኡቡንቱ 24.04 የሚጠቀመው ግኖም 46 ስለሆነ አትፈልጉት፤ የለም። ዴል ላይ ባዮስ ውስጥ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጭናችሁ የባትሪ ቅንብሩን ፈልጉ፤ ባዮስ ላይ ያደረጋችሁት ሊኑክሱን ብትቀይሩም አይጠፋም። የሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ምርጡ መንገድ ቀጥሎ የሚመጣው ቲኤልፒ ነው።

ቲኤልፒ፦ አንድ ብቻ ከተጫነ

ቲኤልፒ ከጀርባ የሚሠራ፣ ቻርጀር ሲነቀልና ሲሰካ የፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩን፣ የዋይፋዩንና የዩኤስቢውን ደንብ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ከጫናችሁት በኋላ ምንም ባትነኩት እንኳ ይሠራል።

1. ቻርጀር ላይ ሆናችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቲኤልፒ» በሉ። ፌዶራ ላይ በ«አፕት» ፈንታ «ዲኤንኤፍ» ነው፤ «ቱንድ»ን ከነማሟያው «ቱንድ ፒፒዲ» አስቀድማችሁ አንሱ።
2. እሺ ከማለታችሁ በፊት የሚነሱትን ፓኬጆች ዝርዝር አንብቡ። «ፓወር ፕሮፋይልስ ዲሞን» ካልተነሣ በእጃችሁ አንሱት። ሁለቱ አብረው አይኖሩም።
3. «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት» ብላችሁ አስነሱት።
4. «ቲኤልፒ» ሰረዝ «ስታት»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ «ኤስ» ብላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ግጭት ካለ ከሥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።
5. በ«ኤስ» ፈንታ «ቢ» ስታደርጉ ባትሪውንና የትኛው የቻርጅ ጣሪያ እንደሚሠራ ይዘረዝራል። በ«ሱዶ» አስቀድሙት።

ከዚህ በኋላ ግኖም ሴቲንግ ውስጥ ሦስቱ የኃይል ሁነታዎች ከጠፉ ተበላሸ አትበሉ፤ ሥራውን የያዘው ሌላ ስለሆነ ነው። ያችን ሜኑ የምትወዱ ከሆነ ቲኤልፒን አትጫኑ። ዘመናዊ፣ ካለፉት ሦስት አራት ዓመታት የወጣ ላፕቶፕ ላይ የዴስክቶፑ የራሱ መሣሪያ ይበቃል። ቲኤልፒ የሚያተርፈው ለአሮጌዎቹና ለቲንክፓዶች ነው።

ጣሪያውን ለመወሰን «ኢቲሲ» ውስጥ «ቲኤልፒ ነጥብ ኮንፍ»ን ከፍታችሁ «ቻርጅ ትሬሽ» የሚል ፈልጉ። «ስታርት» የሚለው መስመር ቻርጅ የሚጀምርበት፣ «ስቶፕ» የሚለው የሚያቆምበት ነው። ፊት ያለውን ሃሽ ምልክት አጥፉና 75 እና 80 ጻፉ። መጀመሪያው ከማቆሚያው ዝቅ ማለቱ ግድ ነው፤ ያለበለዚያ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ባትሪው በጥቂቱ ሲሞላና ሲያቆም ይውላል። የሌኖቮ አይድያፓድ ላይ ቁጥር አይመረጥም፤ «ስቶፕ» ላይ 1 መጻፍ ቁጠባውን ያበራል፣ 0 ያጠፋል፤ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ፋብሪካው ነው የወሰነው። እንደ ቲ480 ያሉ ሁለት ባትሪ ያላቸው ቲንክፓዶች ለውስጡና ለውጩ ባትሪ የተለያዩ መስመሮች አሏቸው፤ የውስጡ 0፣ የውጩ 1 ነው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

አንድ ጊዜ 100 ለመሙላት «ሱዶ ቲኤልፒ ፉልቻርጅ»፤ ጣሪያውን ለመመለስ «ሱዶ ቲኤልፒ ሰትቻርጅ»።

ፋይል መንካት ለሚፈራ ቲኤልፒ ዩአይ የሚባል መስኮት ያለው ፕሮግራም ፍላትሃብ (የፍላትፓክ ፕሮግራሞች የሚወርዱበት ድረ ገጽ) ላይ አለ። ፕሮግራሙ ትንሽ ቢሆንም ፍላትፓክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን አብሮ የሚያወርደው ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ላይ አታስቡት።

ፓወርቶፕን ለመለኪያ ብቻ ተጠቀሙበት። በ«ሱዶ» አስነስታችሁ፣ ቻርጀር ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትተዉት ማን ፕሮሰሰሩን እንደሚቀሰቅስ ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ የብራውዘር ገጽ ነው። «ሁሉንም አስተካክል» የሚለው ትእዛዙ ቲኤልፒ የሚሠራውን ይደግማል፤ ማሽኑ ሲነሳም ይጠፋል።

ቦርሳ ውስጥ የጋለ ላፕቶፕ

ክዳኑን ዘግታችሁ ታክሲ ተሳፍራችሁ መገናኛ ስትደርሱ ቦርሳው ከጋለ ማሽኑ አልተኛም። ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ክዳኑን የዘጋችሁት የውጭ ስክሪን እንደተሰካ ከሆነ ሲስተሙ «ጠረጴዛ ላይ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ። ሁለተኛ፣ ማሽኑ እንዳይተኛ የሚያደርግ «ካፌይን» ዓይነት ማሟያ ወይም «ፕረዘንቴሽን ሞድ» በርቶ ቀርቷል። ሦስተኛው የእንቅልፉ ዓይነት ነው። «ሲስ» ማውጫ፣ «ፓወር» ውስጥ ያለውን «ሜም ስሊፕ» የሚባል ፋይል አንብቡ፤ ሁለቱ ቃላት በሥር ሰረዝ የተያያዙ ናቸው። «ዲፕ» የሚለው ተዘርዝሮ፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው ግን «ኤስ2አይድል» ከሆነ ማሽኑ በግማሽ ዓይኑ ነው የሚተኛው። አንዳንድ ቲንክፓዶች ባዮስ ውስጥ «ስሊፕ ስቴት» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ኤፍ1 ተጭናችሁ ገብታችሁ ወደ «ሊኑክስ» ለውጡት። «ዲፕ» ከነጭራሹ ያልተዘረዘረበት አዲስ ማሽን ላይ ጉዞ ስትወጡ ማጥፋት ይሻላል።

ማራገቢያውንም አትርሱ። አስፋልት ያልደረሰው ሰፈር አቧራው ለላፕቶፕ ምሕረት የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። መተንፈሻው ሲደፈን ማራገቢያው ይጮኻል፣ ይበላል፣ ባትሪውም ይሞቃል። በየስድስት ወሩ ማስጠረግ በቂ ነው።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ቶሎ አትሰኩ። ሰፈሩ ሙሉ ፍሪጅና ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ አንብቡት። ዝቅ ማለቱን ይችለዋል፤ ድንገት መዝለሉን ግን አይወድም። ባትሪ ካላችሁ አምስት ደቂቃ ብትጠብቁ የሚጎድልባችሁ የለም።

የዩኤስቢ አይጥ (መዳፊት) ሲያንቀላፋ፣ እና ወደነበረበት መመለስ

ከቲኤልፒ በኋላ የዩኤስቢ አይጡ ለጥቂት ሰከንድ ካልነካችሁት የሚደርቅ ወይም የውጭ ሃርድ ዲስክ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ዩኤስቢውን የሚያስተኛው ደንብ ነው። «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚል ትእዛዝ የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥር ይዘረዝራል፤ የችግረኛውን ቁጥር ቲኤልፒ ፋይል ውስጥ «ዩኤስቢ ዲናይሊስት» በሚለው መስመር ላይ አስገቡ። ለአንድ አይጥ ብላችሁ የሁሉንም እንቅልፍ አታጥፉ።

ሁሉንም ትታችሁ ወደ ድሮው መመለስ ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በቅድሚያ «ሱዶ ቲኤልፒ ፉልቻርጅ» በሉ፣ ከዚያ ቲኤልፒን በ«ሱዶ አፕት ሪሙቭ» አንሱ፣ «ፓወር ፕሮፋይልስ ዲሞን»ን መልሳችሁ ጫኑ፣ ማሽኑን እንደገና አስነሱ። የመጀመሪያውን ከዘለላችሁት ቲንክፓድ ጣሪያውን በራሱ ቺፕ ውስጥ ይዞት ይቀራል፤ ቲኤልፒ ከሄደ በኋላም ባትሪው 80 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስም ይላል።